ቤት ውስጥ ለተማረች ልጅ አቅማችንን ያገናዘበ ኮሌጅ ስለ መምረጥ

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ቤት ውስጥ የማስተምራት እኔ ስሆን፣ አሁን 11ኛ ክፍልን ለመጨረስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋታል። በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 የማሳወቂያ ደብዳቤ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ እስከ ኦገስት 1 መሻሻሏን የሚያሳይ ማስረጃ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሳስገባ ስለ ኖርሁ በሕግ በኩል የሚያሰጋኝ ነገር የለም። እንቅልፍ የነሳኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ልጄ ኖቫ በሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ) ገብታ ሁለት ኮርሶች ወስዳለች፤ በባዮሎጂ ኤ፣ በእንግሊዝኛ ድርሰት ደግሞ ቢ አግኝታለች። ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና አንድ ጊዜ ተፈትና 1240 አምጥታለች። ልቧ ወደ ጤና ሙያ ቢያዘነብልም ነርሲንግ ይሁን ባዮሎጂ ገና አልወሰነችም። ባለቤቴ ታክሲ ያሽከረክራል፤ እኔ ቅዳሜና እሑድ ሌሊት በአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ። የሁለታችን ገቢ ተደምሮ በዓመት ወደ 78 ሺህ ዶላር ይጠጋል፤ ከዚያ ላይ አገር ቤት ላሉት እናቴና ለባለቤቴ እኅት ልጆች በየወሩ እንልካለን። ለኮሌጅ ብለን ያጠራቀምነው 6 ሺህ ዶላር ብቻ ነው።

ለቅሶ ቤት ስንቀመጥም ሆነ ሰርግ ስንጠራ የሚያገኘን ሰው ሁሉ የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችን ስም እየጠራ «እዚያ አስገቧት» ይለናል። አንዷ ወዳጄ ዕርዳታ የሚሰጡት የግል ኮሌጆች ናቸው ስትለኝ፣ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ደግሞ የግል የተባለውን በር እንኳ እንዳናንኳኳ ያስጠነቅቀናል። ደውዬ የጠየቅሁት አንድ ኮሌጅ ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ ልጄ መጀመሪያ ጂኢዲ የሚባለውን፣ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማን የሚተካ ፈተና መፈተን እንዳለባት ነገረችኝ፤ ይህን ስሰማ አምስት ዓመት የደከምሁበት ሥራ እንደ ምንም የተቆጠረ መሰለኝ። እኔ የምፈርምበት ትራንስክሪፕት (የኮርሶቿና የውጤቷ ዝርዝር) በእርግጥ ይታመናል ወይ? ልጄ በእውነት ልትገባባቸው የምትችል፣ እኛም ዕዳ ውስጥ ሳንዘፈቅ ልንከፍልባቸው የምንችል ኮሌጆችን ዝርዝር ከየት ጀምሬ ላዘጋጅ? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ አባት

እኅቴ፣ የጻፉትን ሳነብ ከስድስት ዓመት በፊት የነበረው ቤቴ ፊቴ ላይ መጣብኝ። እኛም ትልቁን ልጃችንን ሜሪላንድ ውስጥ ቤት አስተምረን ነው ለኮሌጅ ያበቃነው። ስለዚህ የምነግርዎ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

ልጄ ከክልላችን ውጭ ያለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ሲቀበለው ከደብዳቤው ጋር የመጣው ወረቀት «የዕርዳታ ሽልማት» የሚል ርእስ ነበረው። ከታች የተጻፈው ድምር ትልቅ ስለ ነበር ድፎ ደፍተን፣ ቡና አፍልተን፣ ጎረቤት ጠርተን ተደሰትን። መስመር በመስመር ያነበብሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከግማሽ የሚበልጠው በልጁ ስምና በእኔ ስም የሚወሰድ ብድር ነበር። በወላጅ ስም የሚወሰደው ፕላስ የሚባለው የመንግሥት ብድር በዚያው ወረቀት ላይ ከነጻ ዕርዳታው ጋር ተደምሮ እንደ ስጦታ ቀርቧል። ያን ጊዜ ያ ብድር እስከ ሙሉው ወጪ ድረስ ይፈቀድ ነበር፤ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለሚበደሩ አዲስ ወላጆች ግን በአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ65 ሺህ ዶላር እንዳያልፍ በሕግ ተወስኗል። 65 ሺህ ዶላርም ቢሆን ለእኔና ለእርስዎ ዓይነት ቤተሰብ ጡረታን የሚበላ ዕዳ ነው።

ልጁን አስቀምጬ እውነቱን የነገርሁበት ምሽት ከሕይወቴ ከባድ ምሽቶች አንዱ ነበር። አለቀሰ፤ እኔም አለቀስሁ። ከዚያ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሚባለው የአካባቢያችን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባ፤ ሁለት ዓመት ከቤት እየተመላለሰ ተምሮ ዩኤምቢሲ ወደሚባለው የሜሪላንድ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ ዛሬ ተመርቆ በኮምፒውተር ሙያ እየሠራ ነው። የተበደረው በጥቂት ዓመት ደመወዝ የሚከፈል ነው። የዲፕሎማው ወረቀት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀመረ አይልም፤ በቀጥታ ከገቡት ጋር የተሰጠው አንድ ዓይነት ዲፕሎማ ነው።

ስለዚህ የኮሌጅ ስም ከመጻፍዎ በፊት ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው አንድ ቁጥር ይጻፉ። ሳትበደሩና አገር ቤት የምትልኩትን ሳታቋርጡ ከወር ገቢያችሁ ለትምህርቷ ልትከፍሉ የምትችሉት ስንት ነው? 200 ዶላር ከሆነ 200 ብለው ይጻፉ። ቁጥሩን ልጅዎም ትወቀው። እኛ ልጁን ላለማስጨነቅ ብለን ደበቅነው፤ ከመደበቃችን የመጣው ሐዘን ግን ከጭንቀቱ ባሰ።

መልስ፦ በፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ የምሠራ

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የገንዘብ ዕርዳታ ቢሮ ውስጥ ስሠራ ቆይቻለሁ፤ የሚከተለው የግሌ አስተያየት ነው። ወንድማችን የተናገሩት ስለ ደብዳቤው አነባበብ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት፣ እንዲያውም ከማመልከታችሁ በፊት ዋጋውን እንዴት ማወቅ እንደሚቻል ነው።

በኮሌጆች ድረ ገጽ ላይ የተለጠፈው ዋጋ እና አንድ ቤተሰብ በእርግጥ የሚከፍለው ዋጋ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፌዴራል ዕርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ከ2011 ጀምሮ የተጣራ ዋጋ ማስያ በድረ ገጹ ላይ እንዲያኖር በሕግ ተገዷል። ገቢያችሁን፣ የቤተሰባችሁን ብዛትና የልጅቱን ውጤት ስታስገቡ ነጻ ዕርዳታው ተቀንሶ ምን ያህል እንደምትከፍሉ ይገምታል። አንዳችሁ ወረቀት፣ አንዳችሁ ኮምፒውተር ይዛችሁ በአንድ ቅዳሜ ስምንት ኮሌጆችን መመርመር ትችላላችሁ። የወዳጅዎና የባለቤትዎ ባልደረባ ክርክርም እዚህ ላይ ይፈታል፤ ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው። የተማሪውን ችግር መቶ በመቶ ለመሸፈን ቃል የገቡ የግል ኮሌጆች አሉ፤ እነርሱ ግን ለመግባት እጅግ የሚያስቸግሩ ናቸው። ሌሎቹ ብዙዎቹ የግል ኮሌጆች ልጅዎን ደስ ብሏቸው ተቀብለው በዓመት 25 ሺህ ዶላር ክፍተት ይተዉባችኋል።

ስለ ፋፍሳ፣ ማለት ስለ ፌዴራል የተማሪ ዕርዳታ ማመልከቻ ቅጽ እንነጋገር። ቅጹ ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ የሚጠይቀውም ልጅቱ ኮሌጅ ከምትገባበት ዓመት ሁለት ዓመት ቀድሞ የነበረውን የግብር መረጃ ነው። ቤት ውስጥ መማሯ ችግር አይደለም፤ ቅጹ ራሱ ትምህርቷን በቤት ያጠናቀቀች ተማሪ የምትመርጠው መልስ አለው። በክልሉ ሕግ መሠረት የቤት ትምህርቷን የጨረሰች ልጅ ለፌዴራል ዕርዳታ ብላ ጂኢዲ መፈተን አይጠበቅባትም። ቢሮው ማረጋገጫ ቢጠይቅ በወላጅ የተፈረመ፣ ኮርሶቹን የዘረዘረ ትራንስክሪፕት ይቀርባል። ስልክ ያነሣችው ሠራተኛ ተሳስታ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላ ሰው በጽሑፍ ይጠይቁና መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

በእኛ ማኅበረሰብ ደጋግሜ ያየሁት እንቅፋት ስም ነው። የልጅቱ ስም በፋፍሳ ላይ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዷ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መሆን አለበት፤ የአባት ስም በአንድ ሰነድ ላይ የመካከለኛ ስም፣ በሌላው የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲገኝ ማመልከቻው ለሳምንታት ይቆማል። ከአሁኑ ሰነዶቹን ጎን ለጎን አድርገው ያመሳክሩ። ልጅቱ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላት ከሆነች የወላጆች የኢሚግሬሽን ሁኔታ ዕርዳታ እንዳታገኝ አያግዳትም።

በ2025–26 ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል ዕርዳታ ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነው። በእናንተ ገቢና በአምስት ሰው ቤተሰብ ሙሉውን ባታገኝ እንኳ ከፊሉን ልታገኝ ትችላለች። አገር ቤት የምትልኩትን ገንዘብ ቀመሩ አይቀንስላችሁም፤ ይህ ብዙ ቤተሰብ የሚያዝንበት ነገር እንደ ሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ቢሮዎች የቤተሰብን ልዩ ሁኔታ አይተው በየግሉ የማስተካከል ሥልጣን አላቸውና፣ የላካችሁባቸውን ደረሰኞች አያይዛችሁ አጭርና ግልጽ ደብዳቤ ብትጽፉ የሚጎዳችሁ ነገር የለም። የባለቤትዎ ታክሲም የሚታየው በተጣራ ገቢው ስለ ሆነ የነዳጅ፣ የጥገናና የኢንሹራንስ ወጪው በግብር ላይ በአግባቡ መመዝገቡን ያረጋግጡ። አንድ ነገር ደግሞ ይታሰብ፤ ከ2024–25 ጀምሮ ቀመሩ በአንድ ጊዜ ኮሌጅ ያሉ ልጆችን ብዛት አይቆጥርም። ታናናሾቿ ሲደርሱ ሸክሙ ይቀልልናል ብላችሁ አትቁጠሩ።

ቨርጂኒያ መኖራችሁ ትልቅ ዕድል ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት ቋሚ ነዋሪ ሆናችሁ ግብር የከፈላችሁበት ክልል የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች የነዋሪ ክፍያ ያስከፍሏችኋል። በዚያ ላይ ዩቪኤ (የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ) ዓመታዊ ገቢያቸው ከ100 ሺህ ዶላር በታች ለሆነ የቨርጂኒያ ቤተሰቦች፣ ሀብታቸውም ከተለመደው ካልበለጠ፣ የትምህርት ክፍያን በነጻ ዕርዳታ ይሸፍናል። ነገር ግን ዩቪኤ ከአምስት አመልካቾች አንዱን እንኳ አይቀበልም፤ በ1240 ውጤት ተስፋ አይጣልበት። ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለ የግል ኮሌጅ ብትገባ ደግሞ ቪታግ የሚባለው የክልሉ ግራንት የቤተሰብ ገቢ ሳይታይ በዓመት ወደ 5 ሺህ ዶላር ይሰጣል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብትጀምርና የጤና ዘርፍ ብትመርጥ፣ በ2021 የተጀመረው ጂ-ስሪ የሚባለው ፕሮግራም በተፈላጊ ሙያዎች ለሚሠለጥኑ መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች ሌላው ዕርዳታ ያልሸፈነውን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል።

የኮሚዩኒቲ ኮሌጅን መንገድ ከልቤ የምደግፍ ብሆንም አንድ ጉዳት እንዳለው ልሰውር አልችልም። ዩኒቨርሲቲዎች በውጤት የሚሰጧቸው ትልልቅ ስኮላርሺፖች በአብዛኛው ለአንደኛ ዓመት ገቢዎች የተመደቡ ናቸው፤ በዝውውር የሚመጡ ተማሪዎች የሚያገኙት ያነሰ ነው። ስለዚህ በ12ኛ ክፍል ለአራት ዓመት ኮሌጆችም ታመልክት፤ ደብዳቤዎቹ ሲመጡ ከኖቫ ዋጋ ጋር አስተያዩአቸው። አሁን የምትወስዳቸው የኖቫ ኮርሶች ከሁለተኛ ደረጃ ከመጨረሷ በፊት እስከ ተወሰዱ ድረስ በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የአንደኛ ዓመት አመልካችነቷን አያሳጧትም።

ብድር የግድ ከሆነ በልጅቱ ስም ያለው የፌዴራል ብድር ለአንደኛ ዓመት 5,500 ዶላር፣ ለአራቱ ዓመታት በድምሩ 27 ሺህ ዶላር ነው። እኔ ለዘመዶቼ የምነግራቸው ከዚህ ጣሪያ በላይ የሚያስፈልገው ኮሌጅ ከዝርዝሩ እንዲወጣ ነው።

መልስ፦ ቤት የተማረች የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ

እትዬ፣ እኔ እንደ ልጅዎ ቤት ውስጥ ተምሬ ነው ያደግሁት፤ ስለ ትራንስክሪፕቱ የጠየቁትን ልመልስ። አዎን፣ ይታመናል፤ የሚታመነው ግን ብቻውን ሳይቆም ሲቀር ነው። እናቴ የሰጠችኝ ኤ ኖቫ ላይ ባገኘሁት ኤ ሲደገፍ ጥርጣሬው ይጠፋል። ልጅዎ ሁለት የኮሌጅ ኮርሶች አሏት፤ በቀረው ጊዜ ሒሳብና ከላብራቶሪ ጋር የሚሰጥ ኬሚስትሪ ብትጨምር ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ኤፒ የሚባለውን በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ፈተና መፈተን ከፈለገች ፈተናው ሜይ ላይ ቢሆንም የሚያስፈትናት ትምህርት ቤት መፈለግ ያለበት በመከር ነው፤ እኛ ይህን ሳናውቅ አንድ ዓመት አምልጦናል።

እናቴ ትራንስክሪፕቱን በአንድ ገጽ አድርጋ፣ ወደ 120 ሰዓት የተሠራበትን ትምህርት እንደ አንድ ክሬዲት ቆጥራ ነበር ያዘጋጀችው። ከእሱ ጋር ስለ እያንዳንዱ ኮርስ ምን መጻሕፍት እንዳነበብሁና እንዴት እንደ ተመዘንሁ የሚገልጽ ሌላ ሰነድ አያያዘች። ለብዙ ኮሌጆች በአንድነት በሚያገለግለው የኮመን አፕ ማመልከቻ ላይ የትምህርት ቤት አማካሪ በሚለው ቦታ የሚገቡት እርስዎ ነዎት፤ የቤት ትምህርት ለምን እንደመረጣችሁና እንዴት እንዳስተማሯት የሚጽፉትም እዚያው ነው። የአስተማሪ ምስክርነት ግን ከዘመድ ባይሆን ይመረጣል። የባዮሎጂ አስተማሪዋ ሳይረሷት ዛሬውኑ ትጠይቃቸው፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሯ ስለ ጠባይዋ ተጨማሪ ደብዳቤ ሊጽፉላት ይችላሉ፤ የትምህርት ምስክር ግን እርሳቸው አይሆኑም። ለማመልከቻ ክፍያም እንዳይጨነቁ፤ የገቢ መመዘኛውን ለሚያሟሉ ክፍያው ይነሣላቸዋል።

ብዙ ኮሌጆች የውጭ ቋንቋ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈልጋሉ። ልጅዎ አማርኛ ማንበብና መጻፍ ከቻለች ያ ትምህርት ነው፤ ቤት ውስጥ ስለ ተነገረ ብቻ ዋጋ የሌለው አድርገው አይዩት። አክትፍል የሚባለው ድርጅት በአማርኛም የቃል ችሎታ ፈተና ይሰጣል። እኔ ያገኘሁትን ውጤት ከትራንስክሪፕቱ ጋር ባያያዝሁ ጊዜ የተሰማኝን ኩራት አልረሳውም።

ስለ ነርሲንግ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ዩኒቨርሲቲው ተቀበለ ማለት የነርሲንግ ፕሮግራሙ ተቀበለ ማለት አይደለም፤ በብዙ ቦታ ሁለተኛ ውድድር አለ። የኖቫም የነርሲንግ ትምህርት፣ ስፕሪንግፊልድ ባለው የሕክምና ካምፓሱ የሚሰጠው፣ የራሱ ቅበላ አለው። በሁለት ዓመቱ ዲግሪ የተመረቀ ሰው እንደ ባችለር ተመራቂው ያንኑ የአርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ፈቃድ ፈተና ተፈትኖ ሥራ ይጀምራል፤ ባችለሩን እየሠራ ይጨርሳል፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ክፍያውን ያግዛሉ። ባዮሎጂ ከመረጠች ደግሞ እኔ የመጣሁበት፣ ከ2018 ጀምሮ ኖቫና ጆርጅ ሜሰን በጋራ የሚያካሂዱት አድቫንስ የሚባለው ፕሮግራም ከመጀመሪያው ቀን የትኛው ኮርስ ስትዛወር እንደሚቆጠርላት ያሳውቃታል። እኔ ክሬዲት አልባከነብኝም። አድቫንስን ሳይዝ የተዛወረ ጓደኛዬ ግን ያልተቆጠሩለትን ሦስት ኮርሶች እንደገና ከፍሎ ተማረ።

ልጅዎ ራሷ የምትፈልገውን ኑሮም ይጠይቋት። እኔ ለብዙ ዓመታት ከታናናሾቼ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተምሬ በድንገት ሦስት መቶ ሰው ያለበት አዳራሽ ብገባ ኖሮ የምጠፋ ይመስለኛል። የኖቫ ትንንሽ ክፍሎች እጄን ማንሣት አስተማሩኝ።

ጠያቂዋ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም ሌሊት ከሥራ ስመለስ ደጋግሜ አነበብኋችሁ። በትናንትናው ዕለት ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ተቀምጠን ቁጥራችንን ጻፍን፤ በወር 350 ዶላር ሆነ። ልጄ ቁጥሩን ስታይ የፈራሁትን ያህል አልከፋትም፤ እንዲያውም «ይህን ነው የደበቃችሁኝ?» አለችን።

የጀመርነው ዝርዝር እንዲህ ነው። መሠረታችን ኖቫ ነው፤ ከዚያ በአድቫንስ ወደ ጆርጅ ሜሰን፣ ወይም ውጤቷ ከ3.4 ካላነሰ በዝውውር ስምምነቱ ወደ ዩቪኤ። በቀጥታ የምታመለክተው ለጆርጅ ሜሰን፣ ሪችመንድ ለሚገኘው የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ቪሲዩ፣ አርሊንግተን ላለው ሜሪማውንትና ለሃዋርድ ነው፤ ሁለቱን የግል ያስገባኋቸው በቪታግ ተስፋ ነው። ዩቪኤንም ልጄ ስለ ለመነችኝ ጨምሬዋለሁ። ምን ጎደለ?

መልስ፦ በፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ የምሠራ

ዝርዝሩ ጥሩ ነው። ቪታግ የሚሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ ላሉ የግል ኮሌጆች ብቻ ስለ ሆነ ለሜሪማውንት ይቁጠሩት እንጂ ዋሽንግተን ዲሲ ላለው ለሃዋርድ አይቁጠሩት፤ የሃዋርድን ማስያ ያለ እሱ ያስሉት። ጆርጅ ሜሰንን በነዋሪ ክፍያ በዓመት ከ13 ሺህ ዶላር በላይ ብለው ይያዙ፤ ከቤት እየተመላለሰች የምትማር ከሆነ የመኖሪያና የምግብ ክፍያው ይቀርላችኋል። ኖቫ በክሬዲት ወደ 200 ዶላር ገደማ ነው። ከዩቪኤ ጋር ያለው የዝውውር ስምምነት ነርሲንግን እንደማያካትት አስቡና፣ ነርሲንግ ከቆረጠች የየትምህርት ቤቱን የቅበላ ገጽ ለብቻው ያንብቡ።

ኤስኤቲውን በኦገስት እንደገና ትፈተን፤ ስትመዘገብ ለቤት ተማሪዎች የተመደበውን 970000 የሚለውን ኮድ ትጠቀም። ከ1240 ከፍ ባለች ቁጥር በቪሲዩና በሜሪማውንት የስኮላርሺፕ መጠን ላይ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። የሁሉንም ማስያዎች ውጤት ቀን ጽፈውበት ያትሙና ያስቀምጡ፤ በስፕሪንግ የሚመጣው ደብዳቤ ከግምቱ በብዙ ከራቀ ወረቀቱን ይዘው ቢሮውን እንዲያብራራ መጠየቅ ይችላሉ። በቅጹ ላይ መረጃ የምትሰጡ ወላጆችና ልጅቱ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን የፋፍሳ መለያ ከሴፕቴምበር በፊት ክፈቱ፤ ማረጋገጫው ሊዘገይ ስለሚችል ኦክቶበር 1ን አትጠብቁ።